የልጄ ችፌ አልለቅ አለ፤ ቅባቱን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የሰሚቷ እናት፦

ሰላም ለናንተ። ወንድ ልጅ አለኝ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ገና ጨቅላ ሳለ ጉንጩ ሻከር ሲል "የወተት ነው፣ ይተወዋል" ተባልኩ። እውነትም ጉንጩ ላይ ቀነሰ። ግን ወረደና ክርኑ መታጠፊያ ላይ፣ ከጉልበቱ ጀርባና አንገቱ ሥር ሰፈረ። ቀን ቀን ይጫወታል፣ ምንም አይልም። ጉዱ ማታ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሲሰማው ማከክ ይጀምራል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ያካል፣ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አይቼ ነው የምነሳው።

ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ችፌ ነው ተብሎ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ቅባት ታዘዘለት። ስቀባው በጥቂት ቀን ጥርት ይልለታል። ሳቆም ይመለሳል። በዚህ መሀል ጎረቤቴ ቅባቱን አየችና "ይሄ እኮ ስቴሮይድ ነው፣ ቆዳውን ይበላዋል፣ አንዴ ከለመደ አይለቀውም" ብላ አስደነገጠችኝ። ከዚያ ወዲህ እቀባለሁ፣ እፈራለሁ፣ አቆማለሁ፣ ሲብስበት ደግሞ እቀባለሁ። አሁን ክርኑ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ብሏል። ለምጽ ይሆን እንዴ?

አማቴ በበኩላቸው እንቁላል፣ ወተትና ቲማቲም አስቁሚው ይላሉ። ለጋ ቅቤ ከጤና አዳም ጋር ለውሰው አምጥተውልኛል፣ እስካሁን አልቀባሁትም። "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" የሚል ንግግርም አለ፣ እሱን እንኳ እንለፈው። (የገዛ ልጃቸው፣ ማለቴ ባለቤቴ፣ አስም አለበት።)

እና ቅባቱን ልቀጥል ወይስ ልተወው? ምግብ ነው የሚቀሰቅስበት? ደግሞስ ይሄ ነገር ይድናል ወይስ አብሮት ያድጋል? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ሲስተር ከደሴ፦

እህቴ አይዞሽ። የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ያንቺኑ ጥያቄ የማትጠይቀኝ እናት የለችም ማለት ይቻላል።

ከነጩ ልጀምር፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራሽ መሰለኝ። ችፌ የነበረበት ቦታ ሲድን ቀለሙ ይለወጣል። አንዱ ልጅ ላይ ይነጣል፣ ሌላው ላይ ይጠቁራል፣ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ለምጽ ከዚህ ይለያል። ለምጽ ፍጹም ነጭ ነው፣ ዳሩ ተለይቶ ይታወቃል፣ ቆዳው አይሻክርም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክክም። ልጅሽ ላይ ያለው ደብዘዝ ያለ ንጣት ከሆነ፣ ችፌው ተረጋግቶ ሲቆይ ቀለሙ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ቢሆንም በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ለሐኪሙ አሳይው፣ እኔ በጽሑፍ ነው የማየው።

ኢንተርኔት ላይ ችፌ "ቀይ ሽፍታ" ተብሎ ታነቢያለሽ። የኛ ልጆች ላይ ቀዩን ብትፈልጊ ብዙ ጊዜ አታገኚውም። ግራጫ ነው፣ ወይ ጠቆር ያለ፣ ወይ ወደ ሐምራዊ ያደላ። አንዳንዴ ሆድና ጀርባ ላይ ጥቃቅን ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በዐይንሽ ብቻ አትፍረጂ፣ በእጅሽ ዳስሺው። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ ከሻከረ ወይም ወፈር ካለ ገና አልዳነም። ብዙ እናቶች ቅባት የሚያቆሙት ማሳከኩ ቀነስ ሲል ነው፣ ቆዳው ገና ሻካራ እያለ። "ሳቆም ይመለሳል" የሚለው ነገር ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። የተመለሰ ይመስላል እንጂ መጀመሪያም አልሄደም።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል የሚለው ውሸት አይደለም። የሚያሳሳው ግን ጠንካራው ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ነው፣ በተለይ ፊት ላይ፣ ብብትና ብሽሽት ላይ፣ ዳይፐር ሥር። ያንቺ ሃይድሮኮርቲዞን 1% ከሆነ ከሁሉም ደካማው ነው። በታዘዘው መሠረት በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ቆዳው እስኪለሰልስ ድረስ ቀቢው። ከዚያ አቁሚ፣ ማለስለሻውን (መድኃኒት የሌለበትን፣ እንደ ቫዝሊን ያለውን) ብቻ ቀጥይ። ሲነሳ ሳትዘገዪ እንደገና ጀምሪ። ለሳምንት ሁለት ሳምንት በሥርዓቱ ተቀብቶ ካልበረደ ለክርኑና ለጉልበቱ ከፍ ያለ ሊታዘዝለት ይችላል፣ እሱን ሐኪም ይወስን። አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ለሚያስቸግር ችፌ ደግሞ ከዳነም በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ቦታ ላይ የሚያስቀቡ ሐኪሞች አሉ። ጠይቂያቸው።

መጠኑንም ልንገርሽ፣ "ስስ አድርገሽ ቀቢ" ተብሎ ብቻ ስለሚታለፍ። ቅባቱን ከቲዩቡ ከሌባ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ አስወጪው። ይሄ ግማሽ ግራም ገደማ ነው፣ የሁለት አዋቂ መዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ይሸፍናል። በልጅሽ ዕድሜ አንድ ሙሉ ክንድ ከነእጁ አንድ ተኩል ይፈልጋል፣ አንድ እግር ሁለት። አንቺ የምትቀቢው መታጠፊያውን ብቻ ከሆነ ከዚህ በጣም ያንሳል።

ግን ሁሉም ቅባት የማለስለሻውን ያህል ሥራ የለውም። የችፌ ልጅ ቆዳ ልስኑ እንደ ረገፈ ግድግዳ ነው፣ ውሃው ከውስጥ ይወጣል፣ ሳሙናው፣ አቧራውና ባክቴሪያው ከውጭ ይገባል። ያንን የምትለስኚው በቫዝሊን ነው። ሽታ የሌለው፣ ተራው ቫዝሊን። እንግሊዝ አገር ለአንድ የችፌ ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ይመከራል፣ እኛ ጋ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ለወር የምታብቃቃ እናት አያለሁ። ሎሽን ይሻላል ወይስ ክሬም እያልሽም ገንዘብሽን አትጨርሺ። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው እንግሊዝ የወጣ የሕፃናት ጥናት ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄልና ቅባት አወዳድሮ አንዱ ከሌላው እንደማይበልጥ ነው ያገኘው። ልጁ ሳያለቅስ የሚቀባልሽን ምረጪ።

ገላውን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እጠቢው። በፎጣ አትፈትጊው፣ ተጫን ተጫን አድርገሽ አድርቂውና ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቫዝሊኑን ቀቢው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? አንቺን፣ ሞግዚቷን? ማታ የሚብስ ማሳከክ ሁሉ ችፌ አይደለም። እከክም ማታ ነው የሚብሰው። እከክ ከሆነ ጣቶቹ መሀል፣ ብብቱ፣ እምብርቱ ዙሪያ፣ በትንንሾች ደግሞ መዳፍና እግራቸው ሥር ይታያል፣ ቤተሰቡም በአንድ ቀን አብሮ መታከም አለበት።

የዘሩን ጉዳይ ደግሞ፣ አስም፣ ችፌና የአፍንጫ አለርጂ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይዘዋወራሉ። አማትሽን ለማስቀየም አይደለም። ግን ዘር ብቻ ነው ማለትም አይደለም። አውሮፓውያን ላይ የችፌ ዋና መነሻ ሆኖ የታወቀ ፊላግሪን የሚባል የቆዳ ፕሮቲን የዘረመል ጉድለት አለ። እሱን ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የታወቁትን ጉድለቶች አላገኟቸውም፣ አንድ አዲስ ብቻ ነው የተገኘው። ስለዚህ ማንም ማንንም አይክሰስ።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ብዙዎቹ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ወይም ጉርምስና እስኪደርሱ በጣም ይቀንስላቸዋል። ቆዳቸው ቶሎ የሚደርቅ ሆኖ መቅረቱ ግን የተለመደ ነው።


የሁለት ልጆች አባት፦

ሲስተር ሁሉንም ብላዋለች፣ እኔ ስለ ሌሊቱ ብቻ ልጨምር፣ ሌሊቱን የማያውቅ ሰው ችፌን አያውቅም።

መጀመሪያ ያንን ጸጉራም ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ አንሺው። ሱፍም ፖሊስተርም ጠላት ነው። የጥጥ ጋቢ በቂ ነው፣ ልጅ ከምናስበው በላይ ይሞቀዋል፣ እኛ አገር ደግሞ ልጅን ማልበስ ፍቅር ነው ብለን ስለምናስብ ሦስት ሹራብ ደራርበን አስተኝተን ለምን አካከ እንላለን። ላብ ያሳክካል። ስስ የጥጥ ፒጃማ፣ እጅጌው ረዘም ያለ። ጥፍሩን ተኝቶ ሳለ ቁረጪለት፣ ከዚያ ጫፉን ሞርደሽ አለስልሺው፣ አዲስ የተቆረጠ ጥፍር ይብሳል። ንጹህ የጥጥ ካልሲ እጁ ላይ ብታጠልቂለትም ይረዳል፣ የኔዋ ግን በጥርሷ እየጎተተች ነበር የምታወልቀው።

በጣም የተቆጣ ቀን የእርጥብ ልብስ ዘዴ አለ። የሕፃናት ሐኪማችን ነው ያሳየን። ካጠብሽው በኋላ መድኃኒቱንና ቫዝሊኑን ትቀቢዋለሽ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ የጨመቅሽውን ስስ የጥጥ ልብስ ታለብሺዋለሽ፣ ከላዩ ደረቅ ትደርቢበታለሽ። ያበርዳል፣ ቅባቱንም ቆዳው ላይ ይይዘዋል። ግን መድኃኒቱ በዚህ መንገድ አብዝቶ ስለሚገባ ለስንት ቀን እንደሚደረግ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪው። ቆዳው የሚያዥ ከሆነም አይደረግም። ሕዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ሞቅ አድርጊ፣ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም።

እነዚያ የአለርጂ ሽሮፖች ስለሚባሉት፣ እንቅልፍ ያስተኙት ይሆናል እንጂ ችፌውን አያክሙትም። በኛ ልጅ ጊዜ አንድ ክሊኒክ ጭራሽ መርፌ እንውጋት ብለውን ነበር፣ "በአንድ ቀን ታዩታላችሁ" ብለው። ሐኪማችን ሲሰማ ተቆጣ። የሚዋጥም የሚወጋም ስቴሮይድ ለጊዜው ያጠፋውና ሲያልቅ ችፌው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል አለን። ፈጣን ነገር ሲያቀርቡልሽ ጠርጥሪ።


የጎንደር ልጅ፦

ይቅርታ ግን ሁላችሁም ፈረንጅ ሆናችሁ። እኛ በለጋ ቅቤ ታሽተን ነው ያደግነው፣ ቆዳችንም አሁን ድረስ መስተዋት ነው። ጤና አዳምም ቢሆን ከስሙ ጀምሮ ጤና ነው። የእናቶቻችንን ነገር ሁሉ መናቅ ጥሩ አይደለም። ለዚህ ሁሉ ቫዝሊን የሚወጣውን ብር ለቅቤ ብታወጣው ልጁ ይበላው ነበር 😄


ሲስተር ከደሴ፦

የኔ ቆንጆ፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ ቅቤ ብዙ ችግር ላያመጣ ይችላል። ያንቺ መስተዋት የሆነው መጀመሪያም ስላልተሰነጠቀ ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ ክፍት ነው። ቤት የተናጠ ለጋ ቅቤ በውስጡ የወተት ፕሮቲን አለው፣ ባክቴሪያም ሊኖረው ይችላል። ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፣ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ግን አለርጂን ሊጀምር እንደሚችል ነው አሁን የሚታመነው። ስለዚህ ቅቤውን ይብላው፣ በዚህ እንስማማለን።

ጤና አዳሙን ግን አልደራደርም። ጤና አዳም ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። በማግስቱ ውሃ የቋጠረ፣ እሳት የነካው የሚመስል ቁስል ያወጣል፣ ሲድንም የጠቆረ ምልክት ይተዋል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቀው ተብሎ ልጅ ደጅ በሚወጣበት አገር አስቢው። ሎሚም እንደዚሁ ነው። ለቡናሽ አድርጊው፣ ለልጅ ገላ አይሆንም።

ጠበል ለሚሄዱ ደግሞ፣ ከልክዬ አላውቅም። ሲመለሱ ቫዝሊን ቀቡት ነው የምለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደርቆ ሲቀር ቆዳውን ይበልጥ ያደርቀዋል። መድኃኒቱንም አታቋርጡ።


ከሜሪላንድ፦

ሰላም ከዚህ ማዶ። ልጄ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ በሕፃንነቷ ከራስ እስከ እግሯ ነበር ያለባት። እዚህ ክረምቱ በማሞቂያ ስለሆነ አየሩ ጭልጥ ያለ ደረቅ ነው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነበር መከራችን።

ስለ ምግቡ መናገር ፈልጌ ነው የገባሁት፣ ምክንያቱም ሐበሻ እናት ሁሉ መጀመሪያ የምትነካው የልጇን ሳህን ነው። እንቁላል ተወች፣ ወተት ተወች፣ ስንዴ ተወች፣ መጨረሻ ላይ ልጅ በሩዝ ይቀራል፣ ችፌው ግን እዚያው ነው። የኔ ልጅ ሐኪም በግልጽ ነው የነገረችኝ። አብዛኛው ችፌ በምግብ የመጣ አይደለም። የምግብ አለርጂ ያለባቸው የችፌ ልጆች አሉ፣ በተለይ ችፌው ከባድ የሆነባቸው። ግን እሱ ራሱን ያሳያል። በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ፣ ከንፈር ያብጣል፣ ገላ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፣ ያስመልሳል፣ ይባስ ሲል ትንፋሽ ያጥራል። ያ ሲሆን ሩጫ ወደ ድንገተኛ ነው። እንደዚህ የሆነ ነገር ከሌለ ዓመት ከመንፈቅ ያለን ልጅ እንቁላልና ወተት መከልከል ዕድገቱን መንካት ነው። የደም ምርመራውም ያሳስታል፣ ምንም ሳያደርጋት የምትበላውን ምግብ "አለርጂ አለባት" ብሎ ሊያወጣ ይችላል።

ጭራሽ አሁን ነገሩ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የታወቀ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ለውዝ አስጀምረው ሲከታተሉ፣ ከተከለከሉት ይልቅ በለውዝ አለርጂ የተያዙት በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። (ፍሬውን እንዳለ አይደለም የምለው፣ ያንቃል። የተፈጨውን፣ ችፌው ከባድ ከሆነም መጀመሪያ ሐኪም ተጠይቆ።) ቲማቲምና ብርቱካን ግን ከንፈር ዙሪያ ሲነካ ያቃጥላል፣ አለርጂ ሳይሆን አሲዱ ነው። ከምግብ በፊት አፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቢው፣ በቃ።

ሌላ ጥሩ ዜናም አለ። ስቴሮይድ ያልሆኑ ቅባቶች አሉ፣ ታክሮሊመስ የሚባለው 0.03% ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተፈቀደ ነው፣ ለፊትና ለዐይን ዙሪያ ይመቻል። ለከባዱ ደግሞ ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እዚህ ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ ተፈቅዷል። ዋጋው አይነሳ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው አይሞክረውም። ለኛ ያ ሁሉ አላስፈለገም፣ በቫዝሊንና በሥርዓቱ በተቀባ ስቴሮይድ ነው የዳነችው። የሚያናድደኝ፣ እኔ ራሴን ጨምሮ ሁላችንም አዲስ መድኃኒት ስንፈልግ ያለውን በትክክል ሳንጠቀምበት መቅረታችን ነው።


ከፋርማሲ መስኮት፦

ፋርማሲስት ነኝ፣ አጭር አደርገዋለሁ ብዬ ጀመርኩ፣ እናያለን።

የሃይድሮኮርቲዞን ጉዳይ ማንንም አያስፈራ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እናት ትመጣለች፣ "ያቺን ሦስት በአንድ የሆነችዋን ስጠኝ" ትላለች። እነዚህ ክሬሞች ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ አንድ ላይ የተቀላቀሉባቸው ናቸው። ሁሉንም ነገር ለጊዜው ያበርዳሉ፣ ለዚያ ነው ጎረቤት ለጎረቤት የምትመክረው። በውስጡ ያለው ስቴሮይድ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራው ነው። ጀርባውን አንብቡ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕፃን ፊት ላይና ዳይፐር ሥር አይነካም። ዳይፐር ራሱ እንደ ማሸጊያ ስለሚሆን መድኃኒቱ አብዝቶ ይገባል። ያ ሽፍታ ችፌ ሳይሆን ጭርት ከሆነ ደግሞ ስቴሮይዱ ማሳከኩን ይደብቀዋል፣ ፈንገሱ ከሥር ይስፋፋል። ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ያለ፣ መሀሉ የጠራ ሽፍታ ካያችሁ ችፌ ነው ብላችሁ አትቀቡ።

ከዚህም የባሰ አለ። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡ ክሬሞች፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ክሎቤታሶል አለ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ሃይድሮኪኖን። እናት ለራሷ የገዛችውን "ለስላሳ ያደርጋል" ብላ ልጇን ስትቀባ አይቻለሁ። ስለምን እንደማይሆን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጥቃቅን ነገሮች። ስቴሮይዱንና ቫዝሊኑን ደራርበሽ ወዲያው አትቀቢ፣ መሀላቸው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ስጪው። የትኛው ይቅደም እያልሽ አትጨነቂ። ከቆርቆሮው ቫዝሊን ስታወጪ በንጹህ ማንኪያ ይሁን፣ ጣት ሲገባ ሲወጣ ባክቴሪያ ይለምደዋል። ልብሱን ሽታው ቀለል ባለ ሳሙና እጠቢ፣ ኦሞው እስኪለቅ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ ሽቶ ያለው የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪበት። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስ።

ይህንን ደግሞ ማንም ስለማይናገረው፣ ቫዝሊን የጠጣ ልብስና አንሶላ እሳት ሲያገኘው ቶሎ ይቀጣጠላል። ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት፣ ሻማና ጧፍ በሚበራበት ቤት ልጁን ራቅ አድርጉት።


የሰሚቷ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው የለም፣ ጣቶቹም መሀል ንጹህ ነው። ዳስሺው ያልሽኝን አሁኑኑ ሞከርኩ፣ ጥርት አለ ያልኩት ጉልበቱ ሥር ለካ አሁንም ሻካራ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለበዓል ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ እንሄዳለን፣ እዚያ ሆነን ቢብስበት መቼ ነው የምሯሯጠው? አለዚያማ በየጊዜው ጤና ጣቢያ ልውል ነው። ደግሞ የ15 ወሩ ክትባት አልፎታል፣ ቆዳው እንዲህ ሆኖ ይከተባል? እህቴ ደግሞ በረኪና ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገሽ እጠቢው ብላኛለች፣ አሜሪካ ያደርጉታል አሉ፣ እውነት ነው?


ሲስተር ከደሴ፦

ከበረኪናው ልጀምር። እውነት ነው፣ ያደርጉታል። ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ላለበት ልጅ፣ በጣም ቀጥኖ፣ በሐኪም ልክ። እኛ ጋ ያለው በረኪና ጥንካሬው ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ በግምት ጠብ አታድርጊ። ልጅሽን ሊያቃጥለው ይችላል።

የምትሯሯጪው እንዲህ ሲሆን ነው። ቁስሉ ማዠት ከጀመረ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፣ ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ በዚያው ቀን ይታይ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፣ ዘመድ ጋ እሄዳለሁ ስላልሽ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጅሽን እንዳይስመው። ምች የምንለው ያ የከንፈር ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፣ በሳምንት ይደርቃል። የችፌ ልጅ ቆዳ ላይ ከገባ ግን በየቦታው ይበተናል። ድንገት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ችፌው ላይ አንድ መጠን ያላቸው ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች በጅምላ ይወጣሉ፣ ይፈርጡና በክብ የተበሱ የሚመስሉ ቁስሎች ይሆናሉ፣ ያመዋል። ይሄን ካየሽ በዓልም ይሁን ሌሊት፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ዐይኑ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። መድኃኒት አለው፣ ግን ቶሎ መጀመር አለበት። ስቴሮይዱን ጨምረሽ ለማጥፋት እንዳትሞክሪ።

አክስቶቹ "ልጄን ልሳመው" ሲሉ መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። "ሐኪም ከልክሏል" በያቸው፣ ሐኪሙ እኔ ልሁንልሽ።

አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ፣ በሥርዓቱ ተቀብቶ ካልተሻለው የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ስላለሽ ዘነበወርቅ አለርት አለልሽ፣ ወሎ ላይ የሚያነቡን ካሉ ቦሩ ሜዳ አለ።

ክትባቱን በሚመለከት፣ ይከተባል። የኩፍኝ ሁለተኛው ነው፣ ችፌ አይከለክለውም። ቆዳው የተበላሸ ልጅ በኩፍኝ ሲያዝ ማየት አልፈልግም። መርፌው ችፌ በሌለበት ቦታ ላይ እንዲወጋ ለምትከትበው ንገሪያት። ጊዜው አልፏል ብለሽም አትቅሪ፣ ዘግይቶም ይሰጣል። ካርዱን ይዘሽ ከጉዞው በፊት ብትጨርሺው ጥሩ ነው።